የዱር ወፍን በእርሳስ፣ በብዕርና በውሃ ቀለም መሳል

ወፍ መሳል የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ላባ ላይ ይቸኩላል። ክንፉ ላይ ላባው አንድ በአንድ ይሰደራል፣ ጭራው በጥንቃቄ ይሰመራል፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ወፉ አልቆመም፤ ወይ በአፍጢሙ ሊደፋ ነው፣ ወይ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ጥፋቱ ያለው ላባው ላይ አይደለም። ከላባው በፊት ሦስት ነገሮች መታየት ነበረባቸው፦ የሰውነቱ ዘንግ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ፣ ዓይኑ ከመንቁሩ አንጻር የት እንዳለ። እነዚህ ከተያዙ አሥር መስመር ብቻ ያለው ንድፍ ነፍስ ይኖረዋል። ካልተያዙ ግን የአንድ ሳምንት የላባ ሥራም አያድነውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ለመማር ግን ብርቅዬውን ፍለጋ ባሌ ድረስ መውጣት አያስፈልግም። እዚህ የምንሠራው በሦስት ወፎች ነው። ሦስቱም በቀላሉ ይገኛሉ፣ እያንዳንዳቸውም ለአንድ መሣሪያ ይስማማሉ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚውለው አባ ኮዳ ለእርሳስ፣ ወፍራም መንቁር ያለው የደጋው ቁራ ለብዕር፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ የምትንጫጫው አረንጓዴዋ በቀቀን ለውሃ ቀለም።

ዕቃው

ለእርሳስ ኤችቢና 2ቢ (የእርሳሱን ጥንካሬና ልስላሴ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው) ይበቃሉ። ኤችቢ ለመጀመሪያው ስስ መስመር፣ 2ቢ ለጥላ። 4ቢና ከዚያ በላይ የሆኑት ቶሎ ይደነዝዛሉ፣ ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ሲተሻሽም ገጹን ያጠቁራሉ፤ ለቤት ሥራ ይቆዩ። ላጲሱ በእጅ የሚለወሰው ለስላሳ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጫን ተደርጎ ሲነሣ እርሳሱን ይዞ ይወጣል፤ ወረቀቱን አይልጥም። በፍትጊያ የተላጠ ወረቀት ላይ የሚያርፍ የውሃ ቀለም እዚያው ቦታ ጠቁሮ ይሰምጣል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግ አይስተካከልም።

ለመስክ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በኤ5 መጠን የሆነ፣ ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ110 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ደብተር ይመቻል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ለእርሳስ ልምምድ ምንም አይልም፣ ውሃ ሲነካው ግን ይጨማደዳል። ለውሃ ቀለም 300 ግራም ግዙ። የሳሳ ከሆነ በመጀመሪያ ረጥቦ፣ ሰሌዳ ላይ ውሃ ሲነካው በሚጣበቅ የወረቀት ቴፕ ተወጥሮ መድረቅ አለበት። ያለዚያ ቀለሙ በተጨማደደው ጎድጓዳ ውስጥ እየተጠራቀመ የማይፈለግ ጥላ ይሠራል። ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ከእንጨት ከተሠራው ይወደዳል። ልዩነቱ የሚታየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅብ ላይ ነው፦ ጥጡ የታችኛውን ቅብ ይዞ ይቆያል፣ የእንጨቱ ቶሎ ይለቀዋል፣ ቅቦቹም ይደበላለቃሉ። ገንዘብ መቆጠብ ካለበት ከብሩሹ ይቆጠብ፤ ከወረቀቱ አይቆጠብ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የውሃ ቀለም ወረቀት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከሌላው ሁሉ በፊት ወረቀት አስመጡ።

ብዕሩ ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ያለው መሆን አለበት። 0.2፣ 0.3 እና 0.45 ሚሊ ሜትር ጫፍ ያላቸው ሦስት ብዕሮች ለሁሉም ይበቃሉ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ከማመን መሞከር ይሻላል፦ በምትሠሩበት ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ በረጠበ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ደባብሱት። ግራጫ ጭስ ከወጣ ብዕሩ ከውሃ ቀለም ጋር አይሄድም። ተራ እስክሪብቶ ቀለሙ ቅባት ስላለበት ውሃ አያጥበውም፤ ለመስክ ንድፍ በጣም ጥሩ ነው፣ ብርሃን ላይ የሚሰቀል ሥዕል ላይ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። የቁም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የመቃ ብዕርም ለወፍ ሥራ ያገለግላል። አንዱ መስመር ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያቀሉት ይሳሳል፤ ይህ የላባ ጫፍ የሚፈልገው ዓይነት መስመር ነው። ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠውን ሙጫ ያለበት የሥዕል ቀለም ግን በሚሞላ ብዕር ውስጥ አትጨምሩ፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል።

ከቀለም ሰባት ቱቦ ይበቃል፦ ሎሚ ቢጫ፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ታሎ ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ሞቅ ያለ ቀይ፣ እና ለዓይን ብልጭታ ብቻ የሚያገለግል ነጭ ጉዋሽ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን የውሃ ቀለም)። ቱቦው ላይ የፒግመንት (ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ኮድ ይጻፋል። አንድ ኮድ ብቻ ያለውን ምረጡ፤ ከሁለትና ከሦስት ፒግመንት የተሠራ ቀለም ከሌላ ጋር ሲደባለቅ ቶሎ ጭቃ ይሆናል። የልጆች ደረቅ ቀለም ብዙ መሙያ ነጭ ዱቄት ስላለበት ደርቆ ሲታይ ይገረጣል። ክብ ብሩሽ ቁጥር 2፣ 4 እና 8 ያዙ። ሲገዛ ብሩሹን አርጥባችሁ አንዴ አራግፉት፤ ጫፉ በአንድ ነጥብ ካልተሰበሰበ ተዉት። ሁለት የውሃ ዕቃ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ ሆኖ የሚቀመጥ።

መቼ፣ ከየት፣ በምን ያህል ርቀት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይመረጣል። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የወፉ ጀርባ ይነጣል፣ ሆዱ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፣ ቅርጹን የሚያሳየው መካከለኛ ጥላ ይጠፋል። ጠዋት ፀሐይን በስተጀርባችሁ ወይም በጎናችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። በጎን የሚመጣው ብርሃን ለጀማሪ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ደረቱ ክብ መሆኑን የሚያሳየው የጥላው ድንበር በግልጽ ይታያል።

8 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ይበቃል። 10 እጥፉ በአንድ እጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው እጅ ደግሞ እርሳስ መያዝ አለበት። ወፉ መልቀም አቁሞ አንገቱን ካሰገገ ወይም ፊቱን አዙሮ በዝግታ መራቅ ከጀመረ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ባላችሁበት ቁሙ ወይም ወደ ኋላ ተመለሱ። ጎጆ አጠገብ ተቀምጦ መሳል አይገባም። እናትየው ከጎጆዋ በራቀች ቁጥር እንቁላሉ ይበርዳል፣ ቁራና ጭልፊትም ቦታውን ይለያሉ።

አባ ኮዳን በእርሳስ

ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ፣ አባ ኮዳዎች ትራፊ እየጠበቁ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። ሰው ስለለመዱ ከቅርብ ይታያሉ፣ ቁመታቸውም እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ ወፍ የለም።

እርሳሱን ከማንሣታችሁ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ በኤችቢ፣ በጣም አቅልላችሁ፣ አንድ መስመር ብቻ ጣሉ፤ ከትከሻ እስከ ጭራ ያለው የጀርባ ዘንግ ነው። የቆመ አባ ኮዳ ዘንጉ ወደ ቀጥ ያለ ይቀርባል፣ ሲራመድ ወደ ፊት ይዘነብላል። ጀማሪ ሁሉንም ወፍ በ45 ዲግሪ ገደማ ያስቀምጣል፤ እርሳሱን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከወፉ ጀርባ ጋር አስተያዩትና ያዘነበለበትን ልክ ሳታዛቡ ወደ ወረቀቱ አምጡት። በዘንጉ ላይ የሰውነቱን የእንቁላል ቅርጽ አስቀምጡ፣ በላዩ የራሱን ክብ። የመንቁሩን ርዝመት መለኪያ አድርጉ፦ ሰውነቱ ስንት መንቁር ይወጣዋል? ከጉልበት መሳዩ መገጣጠሚያ እስከ መሬትስ? ይህ ልኬት በተደጋጋሚ የሚያጋልጠው ስሕተት አንድ ነው፤ ራሱ ከሚገባው በላይ ተልቆ ይሳላል። የሰው ዓይን ፊት ላይ ስለሚያተኩር እጅም ራስን ያተልቃል።

ቀጥሎ እግር። ከሰውነቱ ክብደት መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አስቡ። ወፉ በሁለት እግሩ ከቆመ መስመሩ በሁለቱ እግሮች ጣቶች መካከል ይወርዳል፣ በአንድ እግሩ ከቆመ ያ እግር ወደ መሐል ተስቦ በቀጥታ ከክብደቱ ሥር ይገኛል። ሥዕላችሁ ላይ መስመሩ ከጣቶቹ ውጭ ካረፈ ወፉ እየወደቀ ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት አይደለም፣ ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበት ላባ ውስጥ ተደብቋል። አባ ኮዳ ሲደክመው ቅልጥሙን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ መገጣጠሚያው እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ይታያል፣ ሳታልፉት ሳሉት።

የእግሩን ቀለም ከቅርብ እዩት። ከሩቅ ነጭ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ ግን ነጩ እንደ ኖራ የደረቀ ኩስ መሆኑ ይታወቃል። ወፉ ራሱን ለማቀዝቀዝ እግሩ ላይ ይኮሳል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ግራጫ ነው። ስለዚህ እግሩን ባዶ ነጭ አድርጎ መተው ስሕተት ነው። በ2ቢ ጎን ቀለል ያለ ግራጫ አልብሱት፣ ነጩን በላጲስ ጫፍ ቦታ ቦታ አንሡት፣ መገጣጠሚያውና ጣቶቹ አካባቢ ቆዳው የሚታይበትን አጥቁሩት። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ልል ቆዳ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፦ ከላይ የሚይዘው መስመር ሳሳ፣ የታችኛው ጠርዝ ወፈር ይበል።

ዓይኑን ለማስቀመጥ የላይኛውና የታችኛው መንቁር የሚገናኙበትን መስመር ወደ ኋላ አስረዝሙ። በአብዛኞቹ ወፎች ዓይን ከዚህ መስመር በላይ፣ ከአፉ ጥግ ትንሽ ወደ ኋላ ይገኛል። ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ብትስቱ ወፉ ሌላ ዝርያ ይሆናል። መጀመሪያ ቦታውን በነጥብ ያዙ፣ ከመንቁሩ ጋር አመሳክሩት፣ ከዚያ ብቻ አጥቁሩ።

ለጥላ ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ ባዶ ወረቀት ለነጩ ደረትና ሆድ፣ መካከለኛ ግራጫ ለጥላ ያለው ጎን፣ ጥቁር ለጀርባና ለክንፍ። አራተኛና አምስተኛ ደረጃ የሚጨምር ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ግራጫ አድርጎ ይጨርሳል።

ወፉ ሲንቀሳቀስ ንድፉን አትተዉት፣ አታባርሩትም። እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ጀምሩ። ወፎች ጥቂት አቋሞችን ደጋግመው ይይዛሉ፤ ወደ መጀመሪያው አቋም ሲመለስ እናንተም ወደ መጀመሪያው ንድፍ ተመለሱ። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጅምር መኖሩ ጥሩ ነው። እጅግ ፈጣን ለሆኑት ወፎች ሌላ ልምምድ አለ፦ 30 ሰከንድ እዩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ቅርጹ አእምሯችሁ ውስጥ ሲቆም ገልጣችሁ ወፉን ሳታዩ ሳሉ። አዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚዞረው ጭላት ለዚህ ይመቻል። ክንፉ የሚታጠፍበትን ቦታና የተሰነጠቀውን ጭራ ብቻ ያዙ፤ ጭራውን መሪ አድርጎ ወደ ጎን ሲያጣምመው ሰውነቱና ጭራው በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አይሆኑም፣ የበረራ ንድፍ ሕይወት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ላባ በቡድን ነው

አንድም ላባ ከመሳሉ በፊት ቡድኖቹ መለየት አለባቸው። ላባ እንደ ሣር ቤት ክዳን ከራስ ወደ ጭራ ተደራርቦ ይወርዳል። የተዘጋ ክንፍ ላይ ከትከሻ የሚወርደው የጀርባ ላባ የክንፉን ላይኛ ጠርዝ ይሸፍናል፤ ቀጥሎ በረድፍ የተደረደሩ አጫጭር ሸፋኝ ላባዎች ይመጣሉ፤ ከሥራቸው ከክንድ አጥንት የሚወጡት የበረራ ላባዎች አሉ፤ ጫፍ ላይ ደግሞ ከእጅ አጥንት የሚወጡት ረጃጅሞቹ ወጣ ብለው ይታያሉ። ከሰውነት አጠገብ ያሉት ሦስት ገደማ ላባዎች ክንፉ ሲታጠፍ ከሁሉም በላይ ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ከሥራቸው ይገባሉ። አብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች 12 የጭራ ላባ አላቸው፤ ጭራው ሲዘጋ ከላይ የሚታየው መሐለኛው ነው።

ክንፉ ላይ የሚሠራው ዋና ስሕተት ከጎን እንደተለጠፈ ቁራጭ ዙሪያውን በመስመር መዝጋት ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ወፍ ላባውን ሲነፋ የጎኑ ላባ ወጥቶ የክንፉን ታችኛ ጠርዝ ይሸፍናል፣ የደረቱ ላባም ክንፉ የታጠፈበትን መገጣጠሚያ ይደብቃል። ስለዚህ የክንፉ መስመር ቦታ ቦታ ላይ መቋረጥ አለበት።

ቁራን በብዕር

ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ደጋ ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ የመንቁሩ ጫፍም ነጣ ይላል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ብዕር የተሠራለት ነው ማለት ይቻላል።

የእርሳስ ንድፉ ላይ ረጅሙን ጊዜ ለመንቁሩ ስጡ። የላይኛው መንቁር እንደ ተራ ቁራ ቀጥ አይልም፣ ወደ ላይ ቀስት ይሠራል፣ ቁመቱ ከሥሩ ጥልቅ ነው፣ በጎኑም ከአፍንጫው ቀዳዳ የሚጀምር ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። ይህ ከተሳተ ማጅራቱ ላይ የቱንም ያህል ነጭ ቢተው ወፉ አይታወቅም።

በ0.2 ብዕር ዓይኑን ጀምሩ። በብርሃኑ በኩል ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታችሁ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት። ቀጥሎ በ0.45 እጅግ ጨለማ የሆኑትን ቦታዎች ያዙ፦ ከክንፍ ሥር፣ ጉሮሮ፣ ከጭራ በታች። ከዚያ በ0.3 ጭረቱን ቀጥሉ። ጭረቱ የላባውን አቅጣጫ ይከተል፤ ራስ ላይ አጭር፣ ትከሻ ላይ ረዘም ያለ፣ ክንፍ ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ። ለማጥቆር ሁለተኛ ጭረት ሲደረብ ከመጀመሪያው በትንሽ ማዕዘን ብቻ ይለይ። በ90 ዲግሪ የተሻገረ ጭረት ወፉ ላይ መረብ የተጣለ ያስመስለዋል።

ጥቁር ወፍ ማለት ሁሉም ቦታው ይጥቆር ማለት አይደለም። ከወፉ ሩብ ያህሉ፣ በተለይ አናቱ፣ ትከሻውና የክንፉ ላይኛ ጠርዝ፣ ባዶ ወረቀት ወይም በጣም የተራራቀ ጭረት ሆኖ ይቅር። ላባው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ብርሃኑን ይመልሳል፤ ሁሉንም የሞላ ሰው የወፍ ጥላ እንጂ ወፍ አልሳለም። የማጅራቱን ነጭ በመስመር አትክበቡት። ዙሪያውን ያለው ጥቁር ጭረት ጫፉ እኩል ሳይሆን ወደ ነጩ ይግባ፣ ነጩ በራሱ ይወጣል። ብርሃን ባለበት ጎን የዙሪያው መስመር ይቋረጥ፣ በጥላው በኩል ይወፍር።

እርሳሱን ከማጥፋታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ልሙጥ ወረቀት ላይ ከዚያም በላይ። ቸኩሎ ላጲስ ያደረገ ሰው ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ከደረቀ በኋላ በጣም በቀጠነ አልትራማሪን ትከሻውን አንዴ ብቻ ብታልፉት ጥቁሩ ሰማያዊ ፍንጥቅጣቂ ያገኛል።

በቀቀንን በውሃ ቀለም

ጥቁር ክንፏ በቀቀን 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ነው። ወንዱ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፣ ሴቷ ግንባሯ አረንጓዴ ነው፣ የሁለቱም መንቁር ቀይ ነው። የጥድና የሾላ ፍሬ ስትለቅም በደንብ ትታያለች። እግሯን ስትስሉ ልብ በሉ፦ እንደ አብዛኞቹ ወፎች ሦስት ጣት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ አይደለም፣ ሁለት ወደ ፊት ሁለት ወደ ኋላ ነው። በዚያ ላይ መንቁሯን እንደ ሦስተኛ እግር ስለምትጠቀምበት ቅርንጫፍ ስትወጣ ዘንጓ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።

ከመስክ ንድፋችሁ የተሻለውን ምረጡና ለ300 ግራሙ ወረቀት አስተላልፉት። መስኮት መስታወት ላይ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ በኤችቢ መገልበጥ ይቻላል። መስመሩ ይሳሳ፤ ቢጫ ቀለም ሥር የቀረ እርሳስ ከዚያ በኋላ አይጠፋም።

አረንጓዴውን ከቱቦ አትውሰዱ። የበቀቀን አረንጓዴ ራሱ በላባው ውስጥ ሁለት ነገር ተደርቦ የሚሠራ ነው፦ ቢጫ ፒግመንት አለ፣ ሰማያዊው ደግሞ የላባው ረቂቅ መዋቅር ብርሃኑን በመበተን የሚፈጥረው ነው። በሥዕልም ቢጫውን ከታች፣ ሰማያዊውን ከላይ ማድረግ ከማንኛውም ዝግጁ አረንጓዴ የበለጠ ጥልቀት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ቅብ፦ የአተር ፍሬ ያህል ሎሚ ቢጫ በብዙ ውሃ ቅጠኑ፣ ታሎ ሰማያዊ በቁጥር 2 ብሩሽ ጫፍ ብቻ ነክታችሁ ጨምሩ። ታሎ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሁልጊዜ ሰማያዊው ወደ ቢጫው ይጨመር፣ ቢጫውን ወደ ሰማያዊው ካደረጋችሁ ግማሽ ቱቦ ቢጫ ትጨርሳላችሁ። በቁጥር 8 ብሩሽ ከዓይንና ከቀዩ ዙሪያው፣ ከመንቁርና ከቀዩ ግንባር በስተቀር (የምንቀባው ወንዱን ነው) ሰውነቱን በሙሉ ሳታቋርጡ ሸፍኑ። ሰሌዳው 15 ዲግሪ ገደማ ይዘንብል፣ ቀለሙ ወደ ታች ሲወርድ ጫፍ ላይ የሚጠራቀመውን ጠብታ በተጨመቀ ብሩሽ አንሡት።

አሁን ጠብቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ክረምት ላይ ግን ሦስትና አራት እጥፍ ይወስዳል። ወረቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ቀዝቀዝ ካለ፣ ቢያብረቀርቅም ባያብረቀርቅም፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ቅቡ ሳይጨረስ ጠርዙ ይደርቅና ጠንካራ መስመር ይተዋል። መፍትሔው ቀለሙን በበቂ መጠን ቀድሞ መበጥበጥና ከደጅ ነፋስ መራቅ ነው።

ሁለተኛው ቅብ ጥላውን ይሠራል። ያንኑ አረንጓዴ በአልትራማሪን አጠንክሩ፣ ድምቀቱን ለማብረድ ትንሽ በርንት ሲየና ጨምሩበት። ከሆዱ በታች፣ ከክንፉ ሥር፣ ከብርሃኑ በተቃራኒ ባለው ጎን ቀቡ፣ ወደ ብርሃኑ የሚያየውን ጠርዝ ወዲያው በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ አለስልሱት። ቅቡ ላይ ዳግም አትመላለሱ፤ ሁለት ጊዜ የተፈተገ ቅብ የታችኛውን ቢጫ ይቀሰቅሳል።

ቀዩ የሚገባው አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። ቀይና አረንጓዴ እርጥብ ሆነው ሲገናኙ ቡናማ ይሆናሉ፣ ግንባሩም የቆሸሸ ይመስላል። ቀዩን ከመንቁሩ ጀምራችሁ ብርሃኑ ያረፈበትን የመንቁር ጫፍ ባዶ ተዉ፤ ለጥላው ጎን ቀዩ ላይ ትንሽ አልትራማሪን ይበቃል።

የክንፉን ጥቁር ከጥቁር ቱቦ ሳይሆን ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲየና አውጡት። እኩል ገደማ በትንሽ ውሃ ሲደባለቁ ሕያው ጥቁር ይሰጣሉ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ሲየናው ሲበዛ ይሞቃል። ሲደርቅ ስለሚገረጣ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ አጥቁራችሁ ቀቡት። በቁጥር 2 ብሩሽ የበረራ ላባዎቹን ለዩ፣ በየመካከላቸው የፀጉር ያህል ቀጭን አረንጓዴ ክፍተት ይቅር። ከዚህ ውጭ የላባ ዝርዝር የሚያስፈልገው ብርሃን ወደ ጥላ በሚሸጋገርበት ድንበር ላይ ብቻ ነው፤ ትከሻና ጉንጭ ላይ ከስምንት እስከ አሥር ትናንሽ የላባ ጠርዞች ብታስቀምጡ የተመልካቹ ዓይን ሌላውን ይሞላል።

መጨረሻ ላይ ዓይኑ። ጥቁር ቡናማ መሠረት፣ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ብሌን፣ ከዚያ በቀጭኑ ብሩሽ አንዲት የነጭ ጉዋሽ ነጥብ፣ ፀሐይ በነበረችበት በኩል። ሁለት ነጥብ ካደረጋችሁ ዓይኑ የመስታወት ይሆናል።

ቅቡ ውስጥ ጠርዙ የተንዘረዘረ ነጣ ያለ እድፍ ከታየ ግማሽ የደረቀ ቅብ ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ አርፏል። እንዳለ ተዉት፤ ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ጠርዙን ማላላት ይቻላል፣ እርጥብ ሳለ የነካ ያሰፋዋል። አረንጓዴው ጭቃ ከሆነ ከሚገባው በላይ ፒግመንት ገብቷል ወይም የማጠቢያው ውሃ ቆሽሿል።

ነጭና አንጸባራቂ ላባ

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለው ፔሊካንና ሳቢሳ ነጭ ቀለም አያስፈልጋቸውም። ነጩ ወረቀቱ ነው። የምትቀቡት ጥላውን ነው፦ በጣም የቀጠነ አልትራማሪን ከጥቂት በርንት ሲየና ጋር። ከሆዱ በታች ከአሸዋ የሚመለሰው ብርሃን ሞቃት ስለሆነ እዚያ የሎ ኦከር ጠብ አድርጉ። ነጩ እንዲወጣ ከጀርባው ያለው ውሃ ወይም ሸንበቆ ከወፉ መጥቆር አለበት።

የአበባ ማር የሚቀስሙት ትናንሽ ወፎች ላባ ላይ ያለው ብልጭታ እንደ አቀማመጣቸው ይለዋወጣል፤ አሁን ሐምራዊ የነበረው ዞር ሲል ጥቁር ነው። የብረት ቀለም አትጠቀሙ። ብሩሁን ቀለም ንጹሕና ቀጭን አድርጋችሁ በጠባብ ቦታ አኑሩ፣ ደርቆ ሲያልቅ ወዲያው አጠገቡ ያለ ምንም መሸጋገሪያ ጥቁር አድርጉ። ብልጭታውን የሚፈጥረው ይህ ድንገተኛ ልዩነት ነው።

የመስክ ማስታወሻ

ንድፉ ዳር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የብርሃኑን አቅጣጫ በቀስት፣ እና የሦስት ነገሮችን ቀለም ጻፉ፦ ዓይን፣ መንቁር፣ እግር። የላባ ቀለም ከፎቶግራፍ በኋላም ሊገኝ ይችላል፣ እነዚህ ሦስቱ ግን ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቁራሉ። አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጉዞ ቡድን ጋር በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በርካታ የውሃ ቀለም ሥራዎችን ሠርቷል። በዚያ ዘመን እንደተለመደው ወፎቹ ተገድለው ለሙዚየም ይሰበሰቡ ነበር፤ የሞተ ወፍ ላባው ለዓመታት ቢቆይም የዓይኑ፣ የቆዳውና የእግሩ ቀለም ቶሎ ይጠፋል። በቦታው የተሠራ የውሃ ቀለም ለሙዚየሙ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ዛሬ ባይኖኩላር ያለው ሰው ያንኑ ከሕያው ወፍ ማግኘት ይችላል፣ መሞት ያለበት ነገር የለም።

ቀኑ መጻፍ ያለበት ወፎች ልብሳቸውን ስለሚቀይሩ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ክረምት ሲሆን በጥቁር ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ የሚለብሱ ትናንሽ ወንድ ወፎች በጋ ላይ ሴቶቻቸውን የሚመስሉ ቡናማ ይሆናሉ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት እንግዶች ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ገደማ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ስለሚበዙ የዳክዬና የውሃ ዳር ወፎች ገጽ የሚሞላው በዚያ ወቅት ነው።

የመስክ ደብተሩን በእርሳስ የተሠሩ ገጾች እንዳይተሻሹ በመካከላቸው ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት። የውሃ ቀለሙን በመስታወት ስታስገቡ ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በካርቶን ክፈፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አርቁት፤ ክረምት ላይ መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው የነካው ቀለም ይነሣል፣ ወረቀቱም ይሻግታል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት።